ስም የሌለው ዝነኛ

በቀደም ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ስንጫወት «ጃክ ዘ ሪፐርን የማያውቅ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ያውቀዋል። አንዱማ አገዳደሉን ሳይቀር ይተርክልን ጀመር። «እሺ፣ ከገደላቸው የአንዷን ስም ንገሩኝ» ስል ግን ክፍሉ ጭጭ አለ። እኔም ብሆን ሰሞኑን ስላነበብኩ ነው እንጂ አላውቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1888 ለንደን ውስጥ፣ ኋይትቻፕል በሚባለው የድሆች ሰፈርና በአካባቢው፣ በሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ አምስት ሴቶች ተገደሉ፤ ሜሪ አን ኒኮልስ፣ አኒ ቻፕማን፣ ኤልሳቤት ስትራይድ፣ ካትሪን ኤዶውስ፣ ሜሪ ጄን ኬሊ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ታዲያ ያልታወቀ ሰው እንዴት ዝነኛ ይሆናል? ግድያው ገና ሳያባራ ለአንድ የዜና ወኪል ደብዳቤ ደረሰው፤ ከግርጌው «ጃክ ዘ ሪፐር» ይላል። ጋዜጦች ተቀባበሉት። ኋላ የፖሊስ ሹማምንት ደብዳቤውን የጻፈው ጋዜጠኛ ነው ብለው አመኑ። ግምታቸው ልክ ከሆነ የሰውዬው የክርስትና አባት ጋዜጣ ነው ማለት ነው።

«ሕዝብ እንዲጠነቀቅ ማወቅ አለበት» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። እንዲያውም በርናርድ ሾው በዚያው ዓመት ለስታር ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ፣ ለውጥ ፈላጊዎች ያቃታቸውን፣ የድሃውን ሰፈር የማሳየት ሥራ፣ አንድ ነፍሰ ገዳይ ሠራው ብሎ አፊዞ ነበር። ይህ ክርክር ያስቸግረኛል፤ ሐሰት ነው ማለት አልችልም። ግን የጋዜጣው ዓይን ድህነቱን ያየው ደሙ እስኪደርቅ ነበር። ደግሞስ ሴቶቹ ምን ሆኑ? የእሱ አንደኛ፣ የእሱ ሁለተኛ፣ የእሱ ሦስተኛ። ኒኮልስ የአምስት ልጆች እናት ነበረች፤ ስትራይድ ከስዊድን የመጣች ስደተኛ። በእኛ ትረካ ውስጥ ግን በሕይወት የኖሩበት ቀን የለም፤ የሞቱበት ሌሊት ብቻ። ገድሎ የወሰደው ዕድሜያቸውን ነው፤ ታሪካቸውን አንሥቶ ያስረከበው ግን ጋዜጣው ነው፣ ቀጥሎም እኛ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ላይ የሴቶች ታሪክ ሙዚየም ይሆናል ተብሎ የተፈቀደ ቤት የጃክ ዘ ሪፐር ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ባለቤቱ ምን ያደርግ፣ ትኬት የሚገዛው ማንን ለማየት እንደሚመጣ ያውቃል።

ይህንን ሁሉ ለጓደኞቼ ተናገርኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ። መብራት ከጠፋ በኋላ ከላይኛው አልጋ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን ማን ይመስልሃል?» አለኝ።

ተነሥቼ ተቀመጥኩ፣ ግምቴን ልነግረው።