ከፍትፍቱ ፊቱ፦ ስለ ድግስና ስለ ደስታ

ሰው ለደስታው ቀን ይደግሳል፤ ገንዘቡን አጠራቅሞ፣ ወዳጅ ዘመዱን ሰብስቦ በማዕድ ዙሪያ ይቀመጣል። ይሁንና ምግቡ ቀርቦ፣ ሒሳቡ ተከፍሎ፣ ደስታው ሳይመጣ የቀረ እንደ ሆነ ጉድለቱ የማን ነው? የአብሳዩ ወይስ የጋባዡ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ስለ ኪነ ጥበብም ሆነ ስለ ሰው ልጅ ግንኙነት የሚያስተምረን ቁም ነገር አለው።

ለዚህ የጃፓን ማዕድ ጥሩ መመርመሪያ ይሆነናል። ባልና ሚስት የጋብቻቸውን 25ኛ ዓመት ለማክበር ከልጆቻቸው ጋር በኪዮቶ ወደሚገኝ አንድ ውድ ምግብ ቤት ገቡ እንበል። የሚቀርብላቸው «ካይሴኪ» የሚባለው፣ ወቅቱ ባፈራው አትክልትና ዓሣ ተዘጋጅቶ በጥቃቅን ሳህኖች ተራ በተራ የሚመጣው ምግብ ነው። የሾርባው መክደኛ ሲነሣ መዓዛው ያውዳል፤ ጥሬው ዓሣ እንደ ሥዕል ተደርድሯል። ዳሩ ግን አስተናጋጇ የእያንዳንዱን ሳህን ስምና የአበላሉን ሥርዓት እንደ ትምህርት ትዘረዝራለች፤ ልጆቹ እንዳይሳሳቱ ይሳቀቃሉ፤ አባት ዋጋውን በልቡ ያሰላል፤ እናት ጨዋታ ልትጀምር ስትል ሌላ ሳህን ይመጣል። በመጨረሻም ዓይናቸው ጠግቦ፣ ልባቸው ተርቦ ይወጣሉ። ምግቡ እንከን አልነበረውም፤ ድግሱ ግን ድግስ አልሆነም።

«ጥበቡን ያልለመደ ሰው ለቅሬታው ተጠያቂው ራሱ ነው» የሚል አይጠፋም። በከፊል እውነት ነው፤ ጥሞናን የሚሻ ጥበብ በአንድ ቀን አይለመድም። ሆኖም የማዕዱ የራሱ ታሪክ ከእንግዳው ጎን ይቆማል። «ካይሴኪ» እንደ እኛ ሰምና ወርቅ በአንድ ድምፅ ሁለት ፍቺ ይዟል። በአንዱ አጻጻፍ «የጉያ ድንጋይ» ማለት ነው፤ የዜን መነኮሳት ረሃባቸውን ለማስታገሥ በጉያቸው ይይዙት ነበር ከሚባለው የሞቀ ድንጋይ የመጣ፣ በሻይ ሥርዓት ላይ የሚቀርበው ትሑት ማዕድ ስም ነው። በሌላው አጻጻፍ ግን የመጠጥ ግብዣ ማዕድ ይሆናል። የሻይ ሥርዓት መምህሩ ሴን ኖ ሪኪዩ (1522–1591 እ.ኤ.አ.) አንድ ሾርባና ሁለት ወይም ሦስት መባልዕት ይበቃሉ ይል እንደ ነበር ይነገራል። የእርሱ ሥራ እንደ ሆነ የሚታመነው የታይአን ሻይ ክፍል ስፋቱ ሁለት የታታሚ ምንጣፍ ብቻ ሲሆን፣ በበሩ ጠባብነት ሹሙም ነጋዴውም ዝቅ ብሎ ይገባል። በወርቅ የተለበጠ የሻይ ክፍል ያሠራው ገዥ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ እንኳ በ1587 እ.ኤ.አ. በኪዮቶ ኪታኖ ታላቁን የሻይ ጉባኤ ሲጠራ ገበሬውን ሳይቀር ጋብዞ፣ ሻይ የሌለው እንደ በሶ ያለ የተቆላ እህል ዱቄት ይዞ እንዲመጣ ፈቅዷል።

እንግዲህ ጉድለቱ የሁለቱም ወገን ነው። ቤቱ ቅርጽን ከይዘት ነጥሎ እንግዳውን ተመልካች አድርጎታል። ጋባዡም ገንዘብ የሚገዛውን ከማይገዛው አልለየም፤ ዋጋ አብሳዩን ለምግቡ ጥራት ያስገድደዋል እንጂ ለተጋባዦቹ ፍቅርና ጨዋታ ዋስ ሊያደርገው አይችልም። ደስታ በማዕድ ዙሪያ የተሰበሰቡት ሁሉ የሚሠሩት የጋራ ሥራ ነው፤ ለሌላ ሰው በኮንትራት አይሰጥም። ይህ ለከያኒውም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ተመልካች እንዳይሳሳት ፈርቶ ዝም የሚልበት ሥራ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ገና ማዕድ አልሆነም። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ ፍትፍቱን መናቃቸው አልነበረም፤ ፍትፍቱ የሚጣፍጠው የአጉራሹ ፊት ሲፈታ መሆኑን ማስገንዘባቸው ነው።