ስለ ታናሽ ዛፍ፤ መግታት ለማን ይገባዋል?

በጃፓን ሀገር «ቦንሳይ» የሚባል የአትክልት ጥበብ አለ። ቃሉ በዝርግ ሸክላ የተተከለ ማለት ነው። ጥበቡ ከቻይና ወደ ጃፓን እንደ ተሻገረ ይታወቃል፤ ዛሬ ግን በብዙ ሀገር ተሰራጭቶ በዚህች በቅድስት ሀገርም በየሰገነቱ ይታያል። ከእኛ ወገን ተሳላሚዎች ይህን ታናሽ ዛፍ ሲያዩ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ዕፁብ ድንቅ ብሎ ያመሰግናል፤ ሌላው ግን፦ እግዚአብሔር ረጅም ይሁን ብሎ የፈጠረውን ሥሩን እየቈረጡ፥ ቅርንጫፉንም በሽቦ እያሰሩ ድንክ ማድረግ በፍጥረት ላይ ግፍ መሥራት አይደለምን? ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ዛፍን ስለ መግታት የሚነገረው ሁሉ ልጁን ስለሚያሳድግ አባት፥ ደቀ መዝሙሩን ስለሚመራ መምህር፥ ማኅበሩን ስለሚያስተዳድር አበ ምኔትም የሚነገር ነውና።

አስቀድሞ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። ብዙ ሰው ቦንሳይ ከዘሩ ድንክ የሆነ የዛፍ ዐይነት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በሸክላ ላይ ሁለት ስንዝር ሆኖ የቆመው ጥድ በተራራ ላይ ከሚቆመው ጥድ ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ ዛሬ ወስደው በሰፊ መሬት ቢተክሉት ማደጉን ይቀጥላል። ትንሽ ሆኖ የቀረው ሥሩና ቀንበጡ በየጊዜው ስለሚቈረጥ፥ የቆመበትም አፈር ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ደግሞ በረኀብ ያሳነሱት የሚመስላቸው አሉ፤ የተራበ ዛፍ ግን ይሞታል እንጂ አያምርም። በደኅና የተያዘ ቦንሳይ ውሃውንም፥ ማዳበሪያውንም፥ ፀሐዩንም ያገኛል፤ በመቶ የሚቈጠር ዓመት የኖሩም አሉ።

ሥራውን ሳያውቁ በሠራተኛው ላይ መፍረድ አይገባምና ስለ አያያዙ ጥቂት ልናገር። የጀማሪ ዛፍ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በውሃ ነው፤ ይኸውም በማነሱም በመብዛቱም። ሸክላው ዝርግ ስለ ሆነ በበጋ ቀን ጠዋት የረጠበው አፈር ማታ ደርቆ ይገኛል። ጀማሪው ግን «በየሦስት ቀኑ አጠጣለሁ» ብሎ ሥርዐት ያወጣል፤ ዛፉ የቀን መቍጠሪያ እንደማያውቅ አያስብም። የሚገባው ግን በየቀኑ ጣትን ወደ አፈሩ ሰድዶ መመርመር፥ ላዩ መድረቅ ሲጀምር ውሃው በታችኛው ቀዳዳ እስኪወርድ ድረስ ማጠጣት፥ ገና እርጥብ እንደ ሆነም መተው ነው። ሁልጊዜ በውሃ የተነከረ ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ አፈሩ ሻካራ፥ ጠጠር ያለበት፥ ውሃን የሚያሳልፍ ሊሆን ያስፈልጋል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ዛፉን እንደ ጌጥ ዕቃ በቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ጥድን የመሳሰሉት የብርድ ሀገር ዛፎች በውጭ መኖር አለባቸው፤ በብርዱ ወራት ማንቀላፋት ይፈልጋሉና። በሞቀ ክፍል የተዘጋበት ዛፍ ምንም እንኳ ለጊዜው ቢለመልም፥ ዕረፍቱን ተከልክሎ አንድ ሁለት ዓመት ከቈየ በኋላ ይደክማል። (ሌሊቱን ሁሉ መብራት ሳያጠፉ ለሚያነቡ ወጣት መነኮሳት ይህን ማስታወስ አይከፋም።)

ከሁሉ የሚብሰው ግን ችኰላ ነው። ጀማሪው ዛፉን በገዛበት ዕለት ቅርንጫፉን ይቈርጣል፥ ሥሩን ይቈርጣል፥ ሽቦ ይጠመጥማል፥ ሸክላውን ይለውጣል፤ ከሳምንት በኋላ ሲጠወልግበት ይደነቃል። ጥበቡን የሚያውቁ ሰዎች አንዱ ቍስል ሳይሽር ሌላ አያቈስሉም። ሥር የሚቈረጠው ሸክላው በሥር ሲሞላ ነው፤ ለለጋ ዛፍ በየሁለት ዓመቱ ገደማ፥ ላረጀ ጥድ በየአራትና በየአምስት ዓመቱ፥ ይኸውም በጸደይ መግቢያ ቡቃያው ሳይፈነዳ ነው። ሽቦውም ቅርንጫፉ የተሰጠውን አቅጣጫ እስኪይዝ ድረስ ብቻ ይቆያል። ቅርንጫፍ ይወፍራል፤ ሽቦ ግን አይሰፋም፤ ስለዚህ ልጡን መብላት ከመጀመሩ በፊት መነሣት አለበት። የዘገየ እንደ ሆነ ጠባሳው ለብዙ ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ መጨረሻው ይታያል። ሲነሣም እየጎተቱ አይፈቱትም፤ ቅርንጫፉ እንዳይሰበር በየጥቅልሉ እየቈረጡ ያነሡታል እንጂ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፈጥኖ የሚመጣው መልስ፥ ጌታችን ራሱን በወይን ግንድ፥ አባቱን በገበሬ መስሎ ስለ መግረዝ ያስተማረው ትምህርት ነው (ዮሐ. 15)። መግረዝ በቅዱስ ወንጌል ከተመሰገነ ምን ክርክር አለ? ይላሉ። እኔ ግን ይህ መልስ በቂ ሆኖ አይታየኝም። ወይን የሚገረዘው አብዝቶ እንዲያፈራ ነው፤ ቦንሳይ የሚገረዘው ለዐይን ነው። ከፍሬ ጋርም ምንኛ የማይስማማ ጥበብ እንደ ሆነ ከሮማን መረዳት ይቻላል። ሮማንን በሸክላ ሲያሳድጉት ቅጠሉ በጊዜ ብዛት እያነሰ ይሄዳል፤ ፍሬው ግን እንደ ቅጠሉ እሺ ብሎ አያንስም። ስለዚህ የእጅ ጣት ያህል የቀጠነው ቅርንጫፍ የሜዳ ሮማን ይሸከማል፤ ጠባቂውም እንዳይሰበርበት ፍሬውን ቀንሶ መልቀም ግድ ይሆንበታል።

ሌላው መልስ ከእኛ ከመነኮሳት አፍ የሚወጣ ነው። ዛፉ በጠባብ ሸክላ እንደ ተወሰነ እኛም በጠባብ በኣት ተወስነናል፤ ሥሩ እንደ ተቈረጠ እኛም ከዘመድ ተለይተናል፤ ስለዚህ ቦንሳይ የምንኵስና ምሳሌ ነው ይላሉ። ምሳሌው ጣፋጭ ነው፤ ዳሩ ግን ሐሰት አለበት። መነኵሴ ወደ ገዳም የገባው ወድዶ ነው፤ ጸሎተ ግንዘት ሲነበብለት ለዓለም ሞተ የሚባለውም በገዛ ፈቃዱ ነው። ዛፉን ግን ማንም አልጠየቀውም። ራስን መግታት ትሩፋት ነው፤ ሌላውን መግታት ግን ሥልጣን ነው፤ ሥልጣንም ምርመራ ያስፈልገዋል። እነዚህን ሁለቱን የሚያቀላቅል አለቃ እጅግ ያስፈራል፤ ለራሱ በመረጠው ጾም ሌላውን ያስርባል፥ ለራሱ በወደደው ዝምታም የሌላውን አፍ ይዘጋልና።

ታዲያ ዛፍን መግታት ፈጽሞ ግፍ ነውን? እንዲህም አይመስለኝም። አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ ታዝዟል (ዘፍ. 2፥15)፤ በማበጀት ውስጥ መቍረጥም አለ። ነገር ግን የሚገታ ሰው ዕዳ ይገባል። በሜዳ የቆመ ዛፍ ውሃ ቢያጣ ሥሩን ወደ ጥልቅ ሰድዶ ይፈልጋል፤ ሰው ቢረሳውም አይጐዳም። በሸክላ የተተከለው ግን መሄጃ የለውም። ሥሩን የቈረጠበት ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥሩ ሆኖለታል፤ ምንጩና ዝናሙም እርሱ ነው። እንግዲህ ከዛፉ ይልቅ የታሰረው ጠባቂው ነው። ሦስት ቀን መንገድ ሊሄድ ቢያስብ የሚያጠጣለት ሰው መፈለግ አለበት፤ ቢታመምም ዛፉ አይጠብቀውም። ይህን ዕዳ ዐውቆ የተቀበለ ሰው ቢቈርጥ ግፍ ሠራ አልለውም። ሳይቀበል የሚቈርጥ ግን የቈረጣት ቀንበጥ ትንሽ ብትሆንም ግፈኛ ነው።

በስንክሳር ጥቅምት 20 ቀን የሚታሰበው አባ ዮሐንስ ቁመቱ አጭር ስለ ነበር «ሐጺር» ተባለ። መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክሎ ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ አጠጣው ብሎ እንዳዘዘው፥ ውሃውም ሩቅ ስለ ነበር ብዙ መንገድ እየሄደ እንዳጠጣው፥ በሦስተኛው ዓመትም እንጨቱ ለምልሞ እንዳፈራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን ታሪክ ዘወትር ስለ ታዛዥነት እንሰብከዋለን፤ መልካም ነው። እኔ ግን ስለ መምህሩ እጠይቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እርሱ ምን ሲያደርግ ነበር? እንጨቱ ባፈራ ጊዜ ፍሬውን ለቅሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደ ወሰደውና የታዛዥነት ፍሬ ነው ብሎ ለአረጋውያኑ እንደ ሰጠ ተነግሯል። እንግዲያስ ዐይኑን ከዚያ ደረቅ እንጨትም ከዚያ ታናሽ ደቀ መዝሙርም አላነሣም ነበር። ከባድ ነገር አዝዞ የረሳ መምህር ለፍሬው ቀን አይደርስም።

ስለ ሽቦውም አስረዝሜ የተናገርሁት ስለዚህ ነው። ለጀማሪ የሚሰጥ ትእዛዝ ሁሉ ጊዜ አለው። ለ20 ዓመት ወጣት የተሰጠ እገዳ በ40 ዓመቱ ሳይነሣ ሲቀር ልጡን በልቶ ይገባል፤ ከዚያም ሽቦው ቢፈታ እንኳ መልኩ ይቀራል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በየገዳሙም በየቤቱም አሉ፤ ልጃቸው አግብቶ ከወለደ በኋላ እንደ ሕፃን የሚቈጡት ወላጆችም ጥቂቶች አይደሉም።

ጠባቂውን ራሱን የሚያጠምድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ይኸውም የደከሙበትን ነገር መውደድ ነው። ጃፓኖች ስለዚህ አንድ የቈየ ተውኔት አላቸው፤ ስሙ «ሐቺ ኖ ኪ» ሲሆን የሸክላ ዛፎች ማለት ነው። ጹነዮ የተባለ ወታደር ርስቱን ተቀምቶ በድኅነት ይኖራል፤ ከቀድሞው ሀብቱ የቀሩት በሸክላ ያሳደጋቸው ሦስት ዛፎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ፕለም፥ አንዱ ቼሪ፥ አንዱ ጥድ። በረዶ በሚወርድበት ሌሊት አንድ መንገደኛ መነኵሴ ማደሪያ ለመነው። እንጨት በቤቱ አልነበረምና ሦስቱን ዛፎች ቈርጦ አንድዶ እንግዳውን አሞቀው። መነኵሴውም ሀገሪቱን ያስተዳድር የነበረው ሆጆ ቶኪዮሪ ሆኖ ተገኘ፤ ኋላም ርስቱን መለሰለት፥ በሦስቱ ዛፎች ስም የሚጠሩ ሦስት ርስቶችንም ጨመረለት። በእኔ አስተያየት ታሪኩ ያለ ሽልማቱ ቢያልቅ ይሻል ነበር። እንግዳው ባዶ እጁን የሚሄድ ተራ መነኵሴ ቢሆንስ ዛፎቹ በከንቱ ነደዱ ማለት ነውን? በእንግዶች ማረፊያ የምናገለግል ሁሉ ይህን ጥያቄ በየብርዱ ሌሊት እንመልሰዋለን፤ ቍልፉን ይዘን ደጃፉን ስንከፍት ወይም ስንዘጋ።

ሳይነድድ የተሰጠ ዛፍም አለ። ያማኪ የተባለ የቦንሳይ ባለሙያ ቤተ ሰብ በሂሮሺማ ከተማ ከ1625 (ዓመታቱን የምቈጥረው እንደ ፈረንጆች ነው) ጀምሮ በሸክላ የተያዘ አንድ ነጭ ጥድ ነበረው። ነሐሴ 6 ቀን 1945 የአቶሚክ ቦንብ በከተማይቱ ላይ በተጣለ ጊዜ ቤታቸው ከፈነዳበት ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ ዛፉን የአትክልቱ ግንብ ጋረደው። አሜሪካ ነጻ የወጣችበትን 200ኛ ዓመት ስታከብር በ1976 ጃፓን 53 ቦንሳይ በስጦታ ላከች፤ ማሳሩ ያማኪም ይህን ጥድ ከስጦታው ጋር ሰጠ። ዛፉ ዛሬ በዋሽንግተን ከተማ በብሔራዊው የዕፀዋት ሥፍራ ይገኛል። ከሂሮሺማ የተረፈ መሆኑ ግን በሰፊው የታወቀው በ2001 የልጅ ልጆቹ ሊጐበኙት በመጡ ጊዜ ነው። ከተማውን ላቃጠለ ሕዝብ አባቶቹ ያጠጡትን ዛፍ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ከሰጡ በኋላ ለምስጋና ሲሉ ያንን አለመናገር ደግሞ ሌላ ነው። ምጽዋትን በስውር ስለ ማድረግ ብዙ ጊዜ ሰብከናል፤ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ፈልጌ ብዙ አላገኘሁም።

በዚህች ሀገር መጀመር ለሚወድድ ሰው ከጥድ ይልቅ ወይራ ይሻለዋል። ወይራ ፀሐይን ይወድዳል፥ ድርቅን ይታገሣል፥ ከአሮጌ ጉቶውም ያቈጠቍጣል። በጌቴሴማኒ ካሉት ስምንት አሮጌ ወይራዎች የሦስቱ ግንድ ከ1092፥ ከ1166ና ከ1198 ጀምሮ የቆመ መሆኑን የኢጣልያ ተመራማሪዎች በ2012 ገልጠዋል፤ ስምንቱም ከአንድ እናት ዛፍ የተወሰዱ ሳይሆኑ አልቀሩም። ይህን ሁሉ ዘመን የቆዩት እየተገረዙ ነው። ሆኖም ያረጀ ዛፍ በአንድ ቀን ለማግኘት ሲሉ ከተራራ ነቅለው የሚወስዱ ሰዎች ሥራ አይደገፍም፤ ብዙው በመንገድ ይሞታል፥ የተረፈውም ያልደከሙበት ዕድሜ ነው። ሙሴ ጦረኛ እንኳ የከበበውን ከተማ ዛፎች እንዳያጠፋ አዝዟል (ዘዳ. 20)። መነኵሴ የሆነ ደግሞ ሸክላውን ከመግዛቱ በፊት አባቱን ያስፈቅድ፤ እርሱ በሌለ ጊዜ የሚያጠጣለትን ወንድምም በስም ይጥራ።

ተሳላሚዎች ዛፉን ከነአፈሩ ወደ ሀገር ይዘው ለመሄድ ባያስቡ ይሻላል፤ ተክልን ያለ ጤና ምስክር ወረቀትና ያለ ፈቃድ ማስገባት በብዙ ሀገር ሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ በአውሮፕላን ጣቢያ ይወሰድባቸዋል። መቀሱና ሽቦው ከትልቁ ሻንጣ ጋር ያልፋል፤ ወይራም በሀገር ቤት ሞልቷል። ችግኙ ግን ከችግኝ ጣቢያ ይገዛ እንጂ ከደብር ዐፀድ አይነቀል።