ያላቆሸሸ ሰው ስለ ምን ያጸዳል?

በአቃቂ ቃሊቲ የምንኖር ሰዎች እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም፦ ወንዙን ያላቆሸሸ ሰው ወንዙን ያጸዳ ዘንድ ይገባዋልን? የሚል ነው። ጥያቄው ከስንፍና ብቻ የመጣ እንዳይመስልህ፤ እውነት አለበትና።

ትልቁም ትንሹም አቃቂ ከሰሜን በኩል ካለው ከፍታ ወርደው፣ አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ገብተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ስለዚህ በላይኛው ሰፈር የተጣለው ጥራጊ፣ የፋብሪካው እጣቢ፣ የመጸዳጃውም ፍሳሽ በደጃችን ያልፋል። በዚሁ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ጎረቤቶች አሉን፤ ከብቶችም ይጠጡታል። አንድ ሽማግሌ፦ «እነርሱ የጣሉትን እኔ ላንሣ?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ያስተማረውን አስብ። ሳምራዊው መንገደኛውን አልደበደበውም፤ ዘይቱና ወይኑ ግን የእርሱ ነበረ፤ ለማደሪያውም የከፈለው ከገዛ ገንዘቡ ነው። አስቀድሞ በዳዩን ልፈልግ ብሎ ቢሄድ ኖሮ ቍስለኛው በመንገድ ዳር በሞተ ነበር። በዘመናችንም በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከኦሮሚያ የተነሡ ወጣቶች እምቦጭ የተባለውን አረም ይነቅሉ ዘንድ ወደ ጣና ሐይቅ ሄዱ። አረሙን እነርሱ አላመጡትም፤ ሐይቁም ከቤታቸው እጅግ የራቀ ነበረ። «ጣና ኬኛ»፣ ማለት ጣና የእኛ ነው፣ ብለው ከባላገሩ ጋር ውኃ ውስጥ ገቡ።

ሆኖም ሳምራዊው ቍስሉን ስላሰረ ወንበዴዎቹ ጻድቃን አልሆኑም። ይህን ዘንግተን በጎ ፈቃደኛን የበዳይ መሸፈኛ እንዳናደርገው እንጠንቀቅ። እምቦጭ በአባ ሳሙኤልም አለ፤ ፍሳሽ በበዛበት ውኃ ይፋፋል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይበሰብስ ይቆያል። እኛ ከታች ስንነቅል ከላይ የሚመግበው ካላቆመ ድካማችን ማለቂያ የለውም። ዘኬዎስ ንስሐ በገባ ጊዜ አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል የገባው እርሱ ራሱ ነው፤ ዕዳውን ለጎረቤቶቹ አላሸከመም። እንግዲህ ፋብሪካ ያለህ ክርስቲያን ብትሆን፣ ቅዳሜ አካፋ ይዘህ ከመምጣትህና ፎቶግራፍ ከመነሣትህ በፊት ቧንቧህን ድፈን።

ይህንን ስጽፍ የራሴን ግቢ አሰብሁ። የልብሳችን እጣቢ ሳሙናው እንዳለ በቦዩ ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ ለብዙ ዓመት ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ራሴንም ከተበደሉት ወገን ቈጥሬ ስሰብክ ኖሬአለሁ።

ስለ ዛፍም ጥቂት ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአገሪቱ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታወቀ። ቍጥሩ ያስደንቃል፤ እኔ ግን ከመትከል ይልቅ መጠበቅ ይከብዳል ባይ ነኝ። እኛም በማኅበራችን አንድ ክረምት በወንዙ ዳር እየዘመርን ተከልን፤ ጥር ሳይደርስ ከፊሉን ፍየል በላው፤ የቀረውም ደረቀ። የአቃቂ መሬት መረሬ ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፤ በበጋ ግን እየተሰነጠቀ የለጋውን ችግኝ ሥር ይበጥሳል። አጥምቀን ቤቱን ያልጐበኘነው ምእመን ትዝ አለኝ፤ እንዲህ ያለው ስንት ነው!

ደግሞ ሁሉ ዛፍ ለሁሉ ስፍራ አይሆንም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አድኖአታል፤ ስለዚህ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ውኃ አብዝቶ ይጠጣልና በምንጭና በረግረግ አጠገብ አይተከል። ረግረጉም ባዶ መሬት አይደለም፤ በበጋ ወራት ከሰሜን አገር የሚመጡ እግረ ረጃጅም ወፎች በአቃቂና በአባ ሳሙኤል ዙሪያ ይውላሉ።

በኋላ ሥራችንን አሳነስነው። አንድ ቤተ ሰብ ከአምስት ችግኝ አይበልጥም፤ ወይራ ወይም ግራር ይወስዳል፤ በእሾህ ያጥረዋል፤ ሥሩንም በደረቅ ሣር ይሸፍነዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ዝናብ እስኪመለስ ድረስ በጄሪካን የሚያጠጣው ያው ቤተ ሰብ ነው፤ ቢታመምም ተተኪውን ራሱ ይለምናል።