የማይታየው ሙቀት

ምድጃ ላይ የተጣደ ውኃ በሙቀት ኀይል ወደ እንፋሎት መለወጡን የማያውቅ የለም። ፈላስፎችም ይህን ተራ ክስተት የታላቅ ሐሳብ ማስረጃ አድርገውታል። ሄግል እ.ኤ.አ. ከ1812 እስከ 1816 ባሳተመው «የሎጂክ ሳይንስ»፣ ኤንግልስም በ1878 በመጽሐፍ መልክ ባወጣው «ፀረ ዱሪንግ» መጠናዊ ለውጥ ወደ ዓይነታዊ ለውጥ እንደሚሸጋገር ለማስረዳት የጠቀሱት ይህንኑ ውኃ ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌው ሲነገር አንድ ፍሬ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆሴፍ ብላክ በ1760ዎቹ መጀመሪያ በግላስጎው እንዳስተማረው፣ በመቅለጥ ላይ ያለ በረዶ ሙቀት እየተቀበለ የሙቀት መለኪያው ግን ፈቀቅ አይልም። 1 ግራም በረዶ በ0 ዲግሪ ላይ እንዳለ ለመቅለጥ 80 ካሎሪ ያህል ይወስዳል፤ የቀለጠው ውኃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ 100 ካሎሪ ያህል ይበቃዋል፤ ከዚያ ፈጽሞ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 540 ካሎሪ ያህል ይጠይቃል። ይህ ኀይል የውኃውን ሞለኪዩሎች አስተሳስሮ የያዘውን ስበት ለማላቀቅ ይውላል እንጂ በመለኪያው ላይ አይታይም። «ድብቅ ሙቀት» የተባለውም ይኸው ነው።

እንግዲህ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ በመለኪያ ያልታየ ድካም ከንቱ ነው ሊባል ይገባልን? ከፊደል ጋር ለወራት የሚታገል ጎልማሳ፣ አንዲቱን ትዕይንት ደጋግሞ የሚለማመድ ተዋናይ በመለኪያ ብቻ ቢዳኙ ሰነፎች ይባላሉ። እንዲህ ያለው ዳኛ እሳቱን የሚያጠፋው ለውጡ በሚካሄድበት በዚያው ሰዓት ነው።

ሆኖም ተቃራኒው ስሕተትም አለ። «ለውጡ በስውር እየተካሄደ ነው» የሚለው አነጋገር የስንፍና መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ከሥሩ እሳት በሌለው ድስት ውስጥም መለኪያው አይንቀሳቀስም። ልዩነቱን ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ምድጃውን ማየት ግድ ይላል፤ ማገዶው ይነዳል ወይስ አመድ ሆኗል?

የመፍላት ደረጃም በየቦታው አንድ አይደለም። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፣ የአየር ግፊቱ አነስተኛ በሆነበት በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ያለበትን ሁኔታ ሳያገናዝቡ አንዱን በሌላው ልክ መመዘን፣ እንኳን ለሰው ለውኃም የማይሆን ፍርድ ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው ውኃ አይደለም። ውኃ ለምን እንደሚሞቅ አይጠይቅም፤ ሰው ግን ይጠይቃል። ስለሚመጣው ለውጥ ሲል ከሰው ሥር እሳት የሚያነድ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።