መጎናጸፊያውን የጣለ ኮከብና የአረጋውያን ክብር

ሰው በዕድሜው ማምሻ ጉልበቱንና ሥራውን ሲያጣ ክብሩም አብሮ ይቀንሳልን? ይህን ጥያቄ ከሰማይ አንድ ምሳሌ ወስደን እንመርምረው።

በደቡብ ሰማይ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለ፣ በጨለማ ሌሊት ከአገራችንም በዓይን እንደ ደብዛዛ ኮከብ የሚታይ የከዋክብት ጉባኤ አለ። ሚሊዮኖች ከዋክብት እንደ ኳስ ተሰብስበው የሚገኙበት ሲሆን፣ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 17,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። አብዛኞቹም ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ የኖሩ ናቸው። በእንዲህ ያለ የሽማግሌዎች መንደር የቀዘቀዘ ቀይ ብርሃን ብቻ የሚገኝ ይመስለናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ኮሎምቢያ በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ላይ የተጫነ ቴሌስኮፕ፣ አልትራቫዮሌት በተባለው ለሰው ዓይን በማይታይ ብርሃን ፎቶግራፍ ቢያነሣው፣ እጅግ የጋሉ ብዙ ከዋክብት ጎልተው ታዩ።

እነዚህ ግን ወጣቶች አይደሉም። ኮከብ ሲያረጅ ያብጣል፤ የውጭ ጋዙንም እንደ መጎናጸፊያ አውልቆ ወደ ጠፈር ይበትናል። ከመጎናጸፊያው ጥቂት ብቻ የቀረለት ኮከብ በውስጡ ሂሊየምን ወደ ካርቦን እየለወጠ ኃይል ያመነጫል። የፀሐያችን ገጽ 5,500 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ የእንዲህ ያለው ኮከብ ገጽ ከ20,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ታዲያ ማጣት በራሱ መልካም ነው እንበልን? አይደለም። ኮከብ አይራብም፤ ጧሪ ያጣች እናት ግን ትራባለች። እርስዋን በምሳሌ አጽናንቶ ባዶ እጅዋን መስደድ ኃጢአት ነው። ምሳሌው የሚወቅሰው የተመልካቹን ዓይን ነው፤ ብርሃኑ ቀድሞም ነበረና። እግዚአብሔርም ነቢዩ ሳሙኤልን ወደ እሴይ ቤት በላከው ጊዜ፣ በመልክና በቁመት እንዳይፈርድ አስጠንቅቆታል።

ይሁን እንጂ ሰው ከኮከብ ይበልጣል። ኮከብ የሚደነቅ ስለሚያበራ ነው፤ የሰው ክብር ግን በእግዚአብሔር አርአያ ከመፈጠሩ እንጂ ከሚሠራው ሥራ አይመነጭም። ስለዚህ ሕመም አእምሮውን የጋረደበት፣ ልጆቹን እንኳ መለየት የተሳነው አረጋዊ ክብሩ ምሉእ ነው።

እናንተም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ልጆችን ይዛችሁ ከቤት መውጣት ያልቻሉትን የቁምስናችሁን አረጋውያን ጎብኙ። አስቀድማችሁ እንጀራና መድኃኒት እንዳላቸው ጠይቁ፤ ቀጥሎም አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አድምጡአቸው። ዓይናችን የሚታረመው እንዲህ ነው።