«ፀረ ኑክሊየር»፦ የምን ፀር?

ቃል አሳብን ይገልጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ይሸፍናል። «ክርስቲያን ፀረ ኑክሊየር መሆን ይገባዋልን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልስ ከመስጠት በፊት ቃሉን መፍታት ያስፈልጋል።

«ፀረ» የተገኘው «ፀር» ከሚለው የግእዝ ቃል ሲሆን፣ ትርጓሜው ጠላት ነው። «ኑክሊየር» ደግሞ ከላቲኑ «ኑክሌውስ» የመጣ ነው፤ ይኸውም በቅርፊት ውስጥ ያለ ፍሬ ማለት ነው። ራዘርፎርድ በ1911 (እ.ኤ.አ.) የአቶምን እምብርት ካገኘ በኋላ ስሙ ለዚሁ ተሰጠ፤ እኛም «አስኳል» እንለዋለን። ስለዚህ ቃሉ ቃል በቃል ቢፈታ «የአስኳል ጠላት» ይሆናል።

ነገር ግን አስኳሉ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ፀሐይም የምታበራው አስኳሎች ሲዋሐዱ በሚወጣው ኀይል ነው። ክርስቲያን የፍጥረት ጠላት ሊሆን አይችልም። ጥያቄው ሰው ይህን ኀይል ለምን አዋለው የሚል ነው።

ስያሜው በ1950ዎቹ የቦምብ ሙከራን ለተቃወሙ ሰዎች ዋለ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ በምዕራብ ጀርመን በቪል እንደ ታየው፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያን ለተቃወሙ ገበሬዎችም ተሰጠ። አንድ ስም ሁለት ፍርድ ተሸከመ።

ስለ ቦምቡ ፍርዱ ግልጽ ነው። ነሐሴ 9 ቀን 1945 (እ.ኤ.አ.) በናጋሳኪ፣ በኡራካሚ ካቴድራል ለኑዛዜ የተሰበሰቡ ምእመናን ከካህናቶቻቸው ጋር አለቁ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ በ1963 «ሰላም በምድር» በተባለው ዐዋዲ መልእክታቸው መሣሪያው እንዲታገድ ጠየቁ፤ ር.ሊ.ጳ. ፍራንችስኮስም በ2019 በሂሮሺማ፣ መጠቀም ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም ከግብረ ገብ ውጭ መሆኑን አስተማሩ። ጎረቤትን በጅምላ ጥፋት እያስፈራሩ የሚገኝ ጸጥታ ሰላም አይባልምና።

ስለ ማመንጫው ጣቢያ ግን ማመዛዘን ይገባል፤ የ1986ቱ የቸርኖቢል አደጋና ለመጪው ትውልድ የሚተርፈው ዝቃጭ በአንድ ወገን፣ የሕዝብ የመብራት ፍላጎት በሌላ ወገን አሉ። በዚህ ላይ ቅን ልቡና ያላቸው ሰዎች ሊለያዩ ይችላሉ። ሕክምናውስ? በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማን ለዓመታት የታከሙበት የኮባልት ጨረር የዚሁ ዕውቀት ፍሬ ነው። ሁሉን በአንድ ቃል የሚያወግዝ ሰው መድኃኒቱንም ከሕመምተኛው እጅ ይነጥቃል፤ ሁሉን የሚቀበል ደግሞ ቦምቡን አብሮ ይቀበላል።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ወጣቶች ሲጠይቋችሁ «የምን ፀር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የሰው ሕይወት ፀር ለሆነው ሁሉ ፀር እንሁን፤ ለፍጥረት ግን ባለአደራዎች ነን።