ደን ሲጠበቅ ምን ይጠበቃል?

አንድ ደን ተከልሎ ብሔራዊ ፓርክ ሲባል የሚጠበቀው ምንድን ነው? እያንዳንዱ እንስሳ ነው ወይስ ዝርያው? ዛፉ፣ ምንጩና አፈሩ አንድ ላይ የሚፈጥሩት ሥርዓት ነው? ወይስ የሰው እጅ ሳይገባበት በራሱ ሕግ የሚኖር ነገር በምድር ላይ መኖሩ ራሱ ነው? እነዚህ መልሶች ስለ ጥበቃ በሚደረግ ንግግር ሁሉ ተደባልቀው ስለሚነሱ አንድ ነገር ይመስላሉ። ሥራ ላይ ሲውሉ ግን ይለያያሉ፣ አንዳንዴም እርስ በርስ ይጣላሉ። ይህ ጠብ ፍንትው ብሎ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የኡጋንዳው የብዊንዲ ብሔራዊ ፓርክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዊንዲ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ድንበር አጠገብ፣ በምዕራባዊው የስምጥ ሸለቆ ክንፍ ጠርዝ ላይ ነው። ስፋቱ 331 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,160 ሜትር፣ ከፍተኛው ደግሞ 2,607 ሜትር ይደርሳል። ሸንተረሩ ቀጥ ያለ፣ ሐረጉ የተቆላለፈ በመሆኑ ከተለመደው መንገድ የወጣ ሰው በገጀራ እየመነጠረ ካልሆነ አያልፍም። በበረዶ ዘመን አየሩ ቀዝቅዞና ደርቆ ብዙ የአፍሪካ ደኖች ሲሳሱ ይህ አካባቢ እርጥበቱን ይዞ ስለቆየ ሌላ ቦታ የጠፋው እዚህ ተርፏል። ከ160 በላይ የዛፍ ዝርያዎች፣ 120 ያህል አጥቢ እንስሳትና 350 ያህል ወፎች ይኖሩበታል። በረግረጉ ዝሆን ይንቀሳቀሳል፤ የተራራ ጎሪላና ቺምፓንዚ በአንድ ደን ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ዓለም ብዊንዲን የሚያውቀው ግን በጎሪላው ነው። በ2018 በተደረገው ቆጠራ በብዊንዲና ከኮንጎ በኩል በሚያዋስነው የሳራምብዌ ደን 459 የተራራ ጎሪላዎች ተገኝተዋል። በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ባሉት የቪሩንጋ ተራሮች ከሚኖሩት 604 ጋር ሲደመሩ በዓለም ላይ ያሉት የተራራ ጎሪላዎች ጠቅላላ ቁጥር 1,063 ነበር።

ቆጠራው ራሱ የእንስሳውን ኑሮ ያሳያል። ጎሪላ በየምሽቱ ቅጠልና ቅርንጫፍ አጥፎ አዲስ መኝታ ይሠራል፤ ጨቅላው ከእናቱ ጋር ያድራል፣ ጠዋት ሁሉም ጥለውት ይሄዳሉ። ቆጣሪዎቹ ዱካ ተከትለው ባዶውን መኝታ ያገኙና ከየመኝታው ዐይነ ምድር ይሰበስባሉ። በቤተ ሙከራ ዘረመሉ ሲነበብ የትኛው እንስሳ የትኛው እንደሆነ ይለያል፤ አንዱ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። በዚህ መንገድ ብዙ ጎሪላዎች ሳይታዩ ተቆጥረዋል። ሴቷ የምትወልደው በአራት ወይም በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ በመሆኑ በቁጥሩ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ጭማሪ የብዙ ዓመታት ሰላም ውጤት ነው። በኅዳር 2018 የተራራ ጎሪላ «እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡ» ዝርያዎች መደብ ወጥቶ አንድ ደረጃ ወደተሻለው መደብ ተዛወረ። በዘመናችን ቁጥሩ እየጨመረ የሄደ ትልቅ ዝንጀሮ መሰል እንስሳ መገኘቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጎብኚ ይህን ደን ሲያይ በቀላሉ «ድንግል ደን» ይለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች በ1932 ሲከልሉት ዓላማቸው በዋናነት እንጨት ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ጣውላ ሠሪዎች እስከ ውስጠኛው ሸንተረር ድረስ ገብተዋል። ግንዱን በጉድጓድ አፍ ላይ አጋድመው፣ አንዱ ከላይ ቆሞ ሌላው ከጉድጓዱ ሥር ሆኖ፣ ረጅሙን መጋዝ ተቀባብለው እየሳቡ እዚያው ሰንጥቀው በሸክም ያወጡት ነበር። ወርቅ የሚያጥቡ በወንዞቹ ዳር ሰፍረዋል፣ አዳኞችም ወጥመድ ዘርግተዋል። ከነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የባትዋ ሕዝብ በደኑ ውስጥ እያደነ፣ ማር እየቆረጠና ሥር እየማሰ ኖሯል። እንግዲህ በ1991 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው፣ በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ደን የሰው እጅ ያልነካው ደን አልነበረም። ያልተነካ ተፈጥሮን መጠበቅ የሚለው ሐሳብ ብዊንዲ ላይ ሲደርስ መቆሚያ ያጣል። የተጠበቀው በብዙ እጅ የተነካ፣ ይሁንና ገና ያልሞተ ደን ነው፤ ጥበቃው ከነዚያ እጆች የትኛው እንደሚቀርና የትኛው እንደሚወጣ የተደረገ ውሳኔ ነበር።

የወጡት መጋዝ የያዙት ብቻ አይደሉም። ፓርኩ ሲታወጅ ባትዋዎችም ከደኑ ተከለከሉ። በወረቀት የተያዘ መሬት ስላልነበራቸው ካሳ የሚሰጠው የሚለካ ይዞታ ላለው ነው በሚለው አሠራር አብዛኞቹ ምንም አልደረሳቸውም። ብዙዎቹ በሌላ ሰው ማሳ ዳር ተጠግተው የቀን ሥራ እየሠሩ መኖር ጀመሩ። ነገሩ የሚከብደው ጣውላ ሠሪው ደኑን እየጨረሰ ሲሄድ ባትዋው በደኑ ላይ የተመሠረተ ኑሮ ስለነበረው ነው፤ ደኑ በመቆየቱ ከማንም ይበልጥ ይጠቀም የነበረው ከማንም ይበልጥ ከሰረ። ለኢትዮጵያ አንባቢም ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጎ፣ ፓርኩ በ2017 ከአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። የዋልያው ጥበቃ እና የገበሬው መነሳት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀመጡ የትኛው ለየትኛው ዋጋ እንደተከፈለ መጠየቅ ግድ ይላል።

የዋጋ ጥያቄ ደግሞ ወደ ፍልስፍናው ይወስዳል። የአውስትራሊያ ፈላስፋ የነበረው ሪቻርድ ራውትሊ በ1973 አንድ ምናባዊ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል እንበል፤ ከእርሱ በኋላ ሌላ ሰው አይመጣም። ይህ ሰው ከመሞቱ በፊት ያሉትን እንስሳትና ዕፅዋት በሙሉ ቢያጠፋ ክፉ ሠራ ይባላል? የሚጎዳ ሰው የለም፤ ስለዚህ ነገር ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ለሰው በሚሰጠው ጥቅም ብቻ ከሆነ ጥፋት አልተሠራም ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን መልስ መቀበል ይከብደዋል። ይህ ክብደት ደን ከሰው ጥቅም ውጭ የራሱ ዋጋ እንዳለው የሚጠቁም ስሜት ነው፤ ስሜቱ ማስረጃ ባይሆንም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በብዊንዲ በተግባር የሚሠራው ግን ሌላኛው ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ጎሪላ ለማየት የሚከፍለው 800 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ የሚቆየው አንድ ሰዓት ነው። ይህ ገንዘብ የጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የዱካ ተከታይ ስንቅና የሌሎች ፓርኮች ድጎማ ይሆናል። ያለ እርሱ ደኑ ዛሬ ይኖር ነበር ብሎ መሟገት ያስቸግራል። ነገር ግን ለገንዘብ ሲባል የተጠበቀ ነገር ገንዘቡ ሲቀር ምን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ እውን ሆነ። ጎብኚ ቀረ፣ በፓርኩ ዙሪያ ከቱሪዝም የሚኖረው ሰው ገቢ ተቋረጠ፣ ለሥጋ ሲሉ ወጥመድ ይዘው ወደ ደኑ የሚገቡት በረከቱ።

ጎብኚው የሚያየው ጎሪላም እንዲሁ የተገኘ አይደለም። አንድን ቡድን ሰው ማላመድ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሠራተኞች በየቀኑ ትናንት ያደረበትን መኝታ ፈልገው ከዚያ ዱካውን ይከተላሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቡድኑ ይሸሻል፤ አለዚያም ጀርባው ሽበት ያወጣው አውራ ደረቱን እየደቃ፣ እየጮኸ ይወረወርባቸዋል። ሰዎቹ አይሮጡም። ጎንበስ ይላሉ፣ ዓይኑን ትኩር ብለው አያዩም፣ ቅጠል ቆርጠው የሚበሉ ይመስላሉ። ቀን በቀን ርቀቱ ይጠባል፤ በመጨረሻ አውራው ቀና ብሎ አይቷቸው ወደ ምግቡ ይመለሳል። ብዊንዲ ውስጥ በ1993 ለጎብኚ የተከፈተው የመጀመሪያው ቡድን ሙባሬ ይባላል፤ ዛሬ የተላመዱት ከ20 በላይ ናቸው።

ታዲያ ከሰው የማይሸሽ ጎሪላ የዱር እንስሳ ነው? ምግቡን የሚፈልገው ራሱ ነው፣ የሚሄድበትን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ ማንም አያስረውም። ያጣው ፍርሃቱን ነው። ፍርሃት ደግሞ ለዱር እንስሳ እንደ ቆዳ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን ይመልስለታል። በ1996 ከሰው እንደመጣ የታመነ እከክ የተላመደ ቡድን ውስጥ ገብቶ ጨቅላ ገድሏል። ጎሪላና ሰው በዘር እጅግ የተቀራረቡ በመሆናቸው የሰው ጉንፋን እንኳ ለጎሪላ የሳንባ በሽታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎብኚው የአፍ መሸፈኛ ያደርጋል፣ ርቀቱን ይጠብቃል፣ ከስምንት ሰው በላይ በአንድ ጊዜ አይገባም። ያን ጊዜ በሽታውን ያከመችው ኡጋንዳዊቷ የእንስሳት ሐኪም ግላዲስ ካለማ ዚኩሶካ በ2003 የመሠረተችው ድርጅት በፓርኩ ዙሪያ የሚኖረውን ሰው ጤና ከጎሪላው ጤና ጋር አያይዞ ይሠራል። ጎረቤቱ ሲያስል የሚያሰጋው እንስሳ ከጎረቤቱ ተለይቶ ሊጠበቅ አይችልም። ከሐሳቦቹ ሁሉ ብዊንዲን በትክክል የሚገልጸው ይህ ነው።

ሐኪሞቹ በሚያክሙበት ደንብ ውስጥም ፍልስፍና አለ። በአጠቃላይ ጣልቃ የሚገቡት ጉዳቱ ከሰው የመጣ ሲሆን ወይም ሕይወትን የሚያሰጋ ሲሆን ነው፤ ሁለት አውራዎች ተጣልተው የተፈጠረን ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል። የሽቦ ወጥመድ የያዘውን እጅ ግን አደንዝዘው ይፈታሉ። አሜሪካዊው አልዶ ሊዮፖልድ ከሞተ በኋላ በ1949 በታተመው መጽሐፉ የሥነ ምግባር መለኪያው የምድሩ ማኅበረሰብ በሙሉ፣ ማለትም አፈሩ፣ ውሃው፣ ዕፅዋቱና እንስሳው ጤናማ ሆኖ መቀጠሉ እንደሆነ አስተምሯል። ፈላስፋው ቶም ሬገን በ1983 የእንስሳት መብት ላይ ባሳተመው ሥራ ይህን አጥብቆ ተቃውሟል፤ ለእርሱ ሕይወቱ ለራሱ ትርጉም ያለው እያንዳንዱ እንስሳ በራሱ መብት አለው፣ ለጠቅላላው ሲባል አይሠዋም። የሐኪሞቹ ደንብ ሁለቱንም በከፊል ይከተላል። ደኑን ለደኑ ሕግ ይተዋል፣ ሰው ያደረሰውን በደል ግን ለተበዳዩ አንድ እንስሳ ይክሳል። ከሁለቱ ፈላስፎች ንጹሕ አቋም ይልቅ ይህ ያልጠራ መንገድ የተሻለ ፍርድ ይመስላል፤ ኃላፊነትን የሚለካው በተሠራው ሥራ ነውና።

የፍርዱ ክብደት በሰኔ 2020 ታየ። በዚያ ወር የንኩሪንጎ ቡድን መሪ የነበረው ራፊኪ የተባለ አውራ በጦር ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። የገደለው ሰው ሊያድን የገባው ትንንሽ እንስሳትን እንደነበረና ጎሪላው ሲወረወርበት ራሱን እንደተከላከለ ተናግሯል። 11 ዓመት ተፈረደበት። የራፊኪ ሞት በዓለም ዜና ተነግሯል። በዚያው ደን በወጥመድ የሚሞቱት ሚዳቋዎች ግን ስም የላቸውም። ሕመም የሚሰማው ሁሉ እኩል የሚቆጠር ከሆነ ይህ ልዩነት ምክንያት የለውም። ዝርያን ማትረፍ የሚቀድም ከሆነ ግን ምክንያት አለው፤ ሚዳቋው ይተካል፣ 17 አባላት ያሉት ቡድን አውራውን ሲያጣ ግን ሊበተን ይችላል። ሦስተኛው ሚዛን ላይ ደግሞ ሰውየው አለ፤ ለሥጋ ብሎ የገባ ሰው ለ11 ዓመት ከቤቱ ሲርቅ ቤተሰቡ የሚሸከመውን የደኑ ሥነ ምግባር የት ያስገባዋል?

ይህን ጥያቄ ፓርኩ ራሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጋፍጦታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እገዳውን የተቆጡ ጎረቤቶች ባሉበት ደኑ ሲቃጠል ለማጥፋት የሚረዳ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በስምምነት በተለዩ የፓርኩ ክፍሎች ቀፎ መስቀል፣ መድኃኒት መቁረጥና ለቅርጫት የሚሆን ሐረግ መልቀም ተፈቀደ። ከፓርኩ መግቢያ ክፍያ 20 በመቶው በሕግ ለአካባቢው ይሰጣል፤ ከእያንዳንዱ የጎሪላ መጎብኛ ፈቃድም ጥቂት ዶላር ይታከልበታል። ከ800 ዶላሩ ጋር ሲነጻጸር ድርሻው ትንሽ ነው፤ ጎሪላ ከደኑ ወጥቶ የሙዝ ግንድ የሰነጠቀበት ገበሬ ትንሽነቱን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ጎሪላዎቹን ወደ ደን የሚመልሱት የመንደር በጎ ፈቃደኞችም ከነዚሁ ገበሬዎች የወጡ ናቸው። በቁጥሩ መጨመር ውስጥ የእነርሱም ሥራ አለበት።

ጎሪላው በጨመረ ቁጥር ግን ቦታው አይጨምርም። ብዊንዲ በአንድ በኩል ዛፍ፣ በሌላ በኩል ሻይ፣ ሙዝና ድንች ሆኖ በስለት እንደተቆረጠ ያበቃል፤ ዙሪያው በአፍሪካ ገጠር ውስጥ ሰው እጅግ በርክቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በቪሩንጋ በኩል ሩዋንዳ ፓርኳን በ23 በመቶ ገደማ ለማስፋት አቅዳ ገበሬዎችን እያነሳች ነው፤ ለሚነሱት አዲስ ቤትና ካሳ ይሰጣል። የእነርሱ መሬት ተለክቶ የተመዘገበ ነው። የባትዋዎቹ ይዞታ ግን በማር ዛፍ፣ በአደን ጎዳናና በአባቶች መቃብር የሚታወቅ ነበር። የኡጋንዳ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2021 ባትዋዎቹ ያለ ካሳ ተነቅለው መሬት አልባ መደረጋቸውን በመቀበል፣ የሚገባቸው መፍትሔ በሌላ ፍርድ ቤት እንዲወሰን መርቷል። የሚሰጣቸው መሬት ቢሆን የገበሬነት ኑሮ ይሰጣቸዋል፤ ያጡት ግን የደን ኑሮ ነው። ወደ ደኑ የመግባት መብት ቢሆን ደግሞ በ1991 የተደረገው ውሳኔ ራሱ፣ የትኛው እጅ ይቅር የሚለው፣ እንደገና ይከፈታል።